ኮሎኝን በአንድ ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል

የዶቼ ቬለ የአማርኛ ራዲዮ ወደ ቦን ከመዛወሩ በፊት ይተላለፍ የነበረው ከጀርመኗ ኮሎኝ ስለነበር የከተማዋ ስም ለጆሯችን አዲስ አይደለም። ለጉብኝት አንድ ሙሉ ቀን ይበቃል፤ ቅደም ተከተሉን ላወቀበት ሰው ማለት ነው። ቀኑ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ቢሆን ይመረጣል። ሰኞ ብዙዎቹ ሙዚየሞች ዝግ ናቸው፤ እሑድ ደግሞ ሱቆች ይዘጋሉ፣ የከተማዋ ዋና መስህብ የሆነው ካቴድራልም በቅዳሴ ይያዛል።

ጉብኝቱን ከራይን ወንዝ ማዶ ይጀምሩ። ከዋናው ባቡር ጣቢያ የወጣ ሰው ካቴድራሉ ፊቱ ላይ ድቅን ይልበታል፤ 157 ሜትር የሚረዝም ሕንፃ ግን ከዚያ ቅርበት ለዓይንም ለካሜራም አይመችም። ከፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ በፈጣኑ ባቡር መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አንዳንዶቹ ባቡሮች የሚቆሙት ከወንዙ ማዶ፣ በ«ሜሴ ዶይትስ» ጣቢያ ነው። ቲኬትዎ ላይ ይህን ስም ካዩ አይደንግጡ፤ እንዲያውም ይሻላል። ዋናው ጣቢያ ከወረዱ ደግሞ ሻንጣዎን እዚያው ማስቀመጫ ውስጥ ይተዉት፤ ትልቅ ሻንጣ ይዞ ካቴድራሉ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። ከዚያ በከተማ ባቡር አንድ ፌርማታ ወደ ዶይትስ ይመለሱ።

ፎቶዎን ከወንዙ ዳር ካነሱ በኋላ የሆኸንሶለርን ድልድይ በእግር ይሻገሩ። ርዝመቱ 400 ሜትር ገደማ ነው። በሐዲዱ በኩል ያለውን አጥር ፍቅረኞች ስማቸውን ጽፈው የቆለፏቸው ጓጉንቸሮች ሞልተውታል። ሲሻገሩ ከሉድቪግ ሙዚየም ጀርባ ባለው አደባባይ ላይ ጠባቂዎች «በዚያ በኩል ዙሩ» ቢሉዎት አይከራከሩ። ከአደባባዩ ሥር የፊልሃርሞኒ የሙዚቃ አዳራሽ አለ፤ የጫማ ኮቴና የሻንጣ ጎማ ድምፅ እታች ድረስ ስለሚሰማ ኮንሰርት ሲኖር መተላለፊያው ይዘጋል።

ካቴድራሉ ጋ ሲደርሱ፣ እግርዎ ሳይደክም ማማው ይቅደም። 533 ደረጃዎች አሉት፣ አሳንሰር የለውም። ደረጃው ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ወጪውም ወራጁም በዚያው ስለሚተላለፍ ከረፈደ መጨናነቅ አይቀርም። ከነመውረዱ አንድ ሰዓት ይመድቡለት። መንገድ ላይ የደወሎቹን ክፍል ያገኛሉ፤ በ1923 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ትልቁ ደወል 24 ቶን ይመዝናል። ጭጋግ ካለ ግን ገንዘብዎን አይክፈሉ፣ ከላይ ምንም አይታይም።

ወንዶች ወደ ውስጥ ሲገቡ ባርኔጣ ያወልቃሉ፤ ቀይ ካባ የለበሱት አስተናባሪዎች በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ጸሎት ላይ ከደረሱ ጉብኝት ስለሚቆም የቅዳሴውን ሰዓት አስቀድመው ይመልከቱ። ቀጥታ ወደ መንበሩ ጀርባ ይሂዱ። በወርቅና በብር የተለበጠው ትልቅ ሣጥን የሰብአ ሰገል አፅም ያረፈበት ነው ተብሎ የሚታመን ነው። አፅሙ ከሚላኖ የመጣው በ1164 ነው። አሁን የሚታየው ሕንፃም በ1248 የተጀመረው ለዚህ ቅርስ የሚመጥን ቤት እንዲሆን ነበር። ያለቀው ግን በ1880 ነው! በመሀል ሥራው ተቋርጦ የግንባታው ክሬን ባላለቀው ማማ ላይ ወደ 400 ዓመት ገደማ ተገትሮ ኖሯል። በደቡብ ክንፍ ያለውን ዘመናዊ መስኮት አይለፉት፤ ከ11,000 በላይ በሆኑ ባለ 72 ቀለም የመስታወት ካሬዎች የተሠራ ሲሆን፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትመታው ቀለሙ ወለሉ ላይ ይፈስሳል።

ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ካቴድራሉን አይቶ ወደ ገበያው ይነጉዳል። ይህ ያስቆጫል፤ ከተማዋ ከካቴድራሉ የሚቀድሙ 12 የሮማኔስክ (በመካከለኛው ዘመን በክብ ቅስት አሠራር የታነጹ) አብያተ ክርስቲያናት አሏት። ጊዜ ካጠረ ሁለቱ ይበቃሉ፦ ወንዙ አጠገብ ያለው ግሮስ ሳንክት ማርቲን፣ እና ባለ አሥር ማዕዘን ጉልላት ያለው ሳንክት ጌሬዮን። ሁለቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ ተጎድተው እንደገና የተሠሩ ናቸው።

ማታ በአሮጌው ከተማ ቢራ ቤት ከተቀመጡ፣ የከተማዋ ቢራ ኮልሽ በ0.2 ሊትር ቀጭን ብርጭቆ ይቀርባል። አሳላፊው ባዶ ብርጭቆ ካየ ሳይጠይቅ ሌላ ያመጣል። የሚበቃዎት ከሆነ የብርጭቆውን ማስቀመጫ ካርቶን ብርጭቆው ላይ ይክደኑት። ካርቶኑን ግን አይጣሉት፤ የጠጡት የሚቆጠረው አሳላፊው እዚያ ላይ በሚያሰምረው ጭረት ነው።