ዋናው በተን ከቦታው አይነቃነቅ

አስተናጋጅ ስክሪን አያነብም። አንድ እጁ ትሪ ይዟል፣ በሌላው ስልኩን ይነካካል፣ ከጀርባው ደግሞ ደንበኛ «የዓሣ ጉላሹስ?» እያለ ይጣራል። አውራ ጣቱ የሚሄደው ወደለመደው ቦታ ነው። ለዚህ ነው እዚህ ሐዋሳ ለምግብ ቤቶች የትዕዛዝ አፕ ስሠራ መጀመሪያ የምወስነው አንድ ነገር የሆነው፦ ዋናው በተን፣ ማለትም እንደ «ላክ» ያለው ሥራውን የሚያስቀጥለው የስክሪን ቁልፍ፣ በሁሉም ስክሪን ላይ አንድ ቦታ ይቀመጣል።

ስልክ ላይ ከሆነ ከታች አድርጉት፤ ጣት ሳይንጠራራ ይደርስበታል። ሁለት በተኖች ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን የራሳችሁን ሕግ አታውጡ። ማክ ላይ ማረጋገጫው በቀኝ ነው። ዊንዶውስ ላይ «እሺ» በግራ ይቀድማል፣ መተዊያው ይከተላል። አንድሮይድም ማረጋገጫውን በቀኝ ያደርጋል። የቱ ይሻላል የሚለው ክርክር ለቡና ሰዓት ይሁን። ተጠቃሚው እጅ ላይ ያለው ስልክ ያስለመደውን ተከተሉ። የኔ አስተናጋጆች አንድሮይድ ስለሚይዙ «ላክ» በቀኝ፣ «ተመለስ» በግራ ነው። መጠኑም አይነስ፤ አንድሮይድ ቢያንስ 48 በ48 ዲፒ፣ አፕል 44 በ44 ፖይንት ይላሉ (ዲፒና ፖይንት የስክሪን መለኪያዎች ናቸው)።

ከዚያ ፈትሹት። ሁሉንም ስክሪኖች በአንድ መጠን አትሙ፣ ዋናውን በተን በቀይ እስክሪብቶ አክብቡ፣ ወረቀቶቹን ደራርባችሁ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዟቸው። ክቦቹ አንዱ ባንዱ ላይ ካልወደቁ የትኛው ስክሪን እንዳፈነገጠ ወዲያው ይታያል።

አንድ ቦታ ማለት ግን የራሱ ወጥመድ አለው። «ላክ» የነበረበት ቦታ ላይ ቀጣዩ ስክሪን «ሒሳብ ዝጋ» ይዞ ቢመጣ፣ ኔትወርኩ ሲጎተት ሁለቴ የነካ ሰው ያልበላውን ደንበኛ ሒሳብ ይዘጋል። ስለዚህ በተኑ አንዴ ከተነካ መልሱ እስኪመጣ አይሥራ። የማይመለስ ነገር ደግሞ ዋናው ቦታ ላይ አይምጣ። ትዕዛዝ መሰረዣውን ላይኛው ሜኑ ውስጥ ክተቱት፣ ሲነካም «የጠረጴዛ 7 ትዕዛዝ ይሰረዝ?» ብሎ በስሙ ጠርቶ ይጠይቅ።

ገና የማይሠራ በተን ካለ አደብዝዙት እንጂ አትደብቁት፤ ከጠፋ ጎረቤቱ ቦታውን ይወርሳል። «ቃሪያ አይግባበት» የሚል ማስታወሻ ሲጻፍ ኪቦርዱ ከታች ተነስቶ «ላክ»ን ይሸፍናል፣ በተኑ ኪቦርዱ ላይ ተንሳፎ መቆም አለበት።

ቋንቋም አለ። አማርኛም ሲዳምኛም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፉ እንደ ዐረብኛ ስክሪኑን መገልበጥ አያስፈልግም። ችግሩ ርዝመቱ ነው። «ወደ ማብሰያ ክፍል ላክ» ሁለት መስመር ይሆንና ሌላውን ይገፋል። ቃሉን አሳጥሩ፣ የበተኑን ከፍታም በረጅሙ ጽሑፍ ለኩ።

አፑ ከተለመደ በኋላ የግድ ቦታ መቀየር ካለባችሁ ሰኞ ጠዋት አድርጉት። ቅዳሜና እሑድ ሐይቁ ዳር ወንበር አይገኝም፣ አስተናጋጁም ለናንተ ዲዛይን ጊዜ የለውም።