ካናዳ ተምሮ እዚያው ለመቅረት፦ የምረቃ የሥራ ፈቃዱን ከደሴ ሳይነሱ ማሰብ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልድያ ልጁን ለትምህርት ወደ ካናዳ የሚልክ ቤተሰብ ጭንቀቱ ሁሉ የተማሪ ቪዛው ላይ ነው። እዚያው መኖር ለሚያስብ ግን ዋናው ነገር ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ በዕድሜ ልክ አንዴ ብቻ ይሰጣል። በአጭር ኮርስ ካወጣችሁት በኋላ ማስተርስ ብትጨርሱም ሁለተኛ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ትምህርቱን በሚያስገኘው ፈቃድ መዝኑት። ከ8 ወር በታች የሆነ ትምህርት ምንም አያስገኝም። ከ8 ወር እስከ 2 ዓመት ያለው የራሱን ያህል ርዝመት፣ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው 3 ዓመት ያስገኛል። ማስተርስ ከ8 ወር ካላነሰ አጭር ቢሆንም 3 ዓመት ነው። የኮሌጅ ዲፕሎማ ከሆነ የትምህርት መስኩ መንግሥት ባወጣው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፤ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይህ አይመለከተውም። የቋንቋ ትምህርት ብቻ አይቆጠርም። «የትም ኮሌጅ ግቡ፣ ፈቃዱ አይቀርም» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ የኮሌጁንና የፕሮግራሙን ስም ይዛችሁ ራሳችሁ የካናዳ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ።

ቀጥሎ ወረቀት። ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከቀን አቆጣጠር ነው። የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ የሚደመረው 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ 8። ጥቅምት 12 ቀን 1995 የተወለደ ኦክቶበር 22 ቀን 2002 እንጂ 2003 አይደለም። ሙሐመድ፣ ሰይድ፣ እንድሪስ የመሳሰሉ ስሞችም በእንግሊዝኛ ፊደል በየወረቀቱ ሌላ ሌላ ይጻፋሉ። የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ ትራንስክሪፕቱንና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አድርጉና አገር ቤት ሳላችሁ አስተካክሉ።

ትምህርት ላይ ሳላችሁ ከመጨረሻው ሴሚስተር በቀር በሙሉ ጊዜ ተማሪነት ቆዩ። ከግቢ ውጭ በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ24 ሰዓት በላይ አትሥሩ።

ለሥራ ፈቃዱ የሚጠየቀውን የቋንቋ ፈተና ከምረቃ በፊት ጨርሱት። እዚህ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ ለትምህርት የተፈተኑት አካዳሚክ አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ፈተና) ለዚህ አይሠራም፣ የሚፈለገው ጄኔራል የሚባለው ዓይነት ነው። ለዲግሪ ተመራቂ በአራቱም ክፍል 6 ማምጣት ይጠበቃል፤ ለኮሌጅ ከዚያ ዝቅ ይላል። ውጤቱ ለ2 ዓመት ያገለግላል።

ትምህርት ቤቱ መጨረሳችሁን በጽሑፍ ካሳወቀ በኋላ ለሥራ ፈቃዱ ለማመልከት 180 ቀን አላችሁ። ግን አትጠብቁ። የተማሪ ፈቃዱ ሳይቃጠል ያመለከተና የሰዓት ገደቡን ያልጣሰ መልሱን እየጠበቀ ሙሉ ቀን መሥራት ይችላል። ትራንስክሪፕት፣ የማጠናቀቂያ ደብዳቤ፣ የፈተና ውጤትና ፓስፖርት ይያያዛል፤ ክፍያው 255 የካናዳ ዶላር ነው። ፈቃዱ ከፓስፖርቱ ማብቂያ ቀን አያልፍም፤ ሊያልቅ የተቃረበ ፓስፖርት ቀድማችሁ አሳድሱ።

ፈቃዱ በእጃችሁ ሲገባ ሥራ ምረጡ፣ ማንኛውም ሥራ አይቆጠርምና። ካናዳ የቋሚ ነዋሪነት አመልካቾችን በነጥብ በምትመርጥበት ኤክስፕረስ ኤንትሪ በሚባለው ሥርዓት የካናዳ ልምድ ተብሎ የሚያዘው በ3 ዓመት ውስጥ የተሠራ ቢያንስ 1,560 ሰዓት የሙያ ሥራ ነው። ይህ በሳምንት 30 ሰዓት አንድ ዓመት ማለት ነው፤ 60 ሰዓት ብትሠሩም ዓመቱ አያጥርም። የመጋዘን ጭነትና የገንዘብ ተቀባይነት ሥራ አይገባም፤ ምግብ አብሳይና የከባድ መኪና ሹፌር ይገባሉ። ተማሪ እያላችሁ የሠራችሁትና የራስ ሥራም ከቁጥር ውጭ ናቸው። ይህን ማሟላት ወረፋው ውስጥ ያስገባል እንጂ ለቋሚ ነዋሪነት የማመልከት ግብዣ አያረጋግጥም፤ ነጥባችሁ ከሌሎች ጋር ይወዳደራል። ሥራ ስትለቁ የሥራ ድርሻችሁን፣ የሳምንት ሰዓቱንና ደመወዙን የሚዘረዝር ደብዳቤ ሳትቀበሉ አትውጡ። ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚያሳይ የኢትዮጵያ ፖሊስ ማስረጃም ስለሚጠየቅ ደሴ ላለ ወንድም ወይም እህት ውክልና ቀድማችሁ ላኩ።