ለአጭር ጊዜ ሚስዮን ወደ ሐዋሳ፦ ለታመሙ ሲጸልዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለአጭር ጊዜ ሚስዮን የወጣ ቡድን በአንድ ቀን ገብቶ፣ ከተማዋንና በዙሪያዋ ያሉትን ቀበሌዎች ለሳምንት ያህል አገልግሎ ይመለሳል፤ የተጸለየለት ታማሚ ግን ከበሽታው፣ ከጎረቤቶቹና ከሐኪም ቀጠሮው ጋር እዚያው ይቀራል። በፈውስ ጸሎት ላይ የሚፈጸሙት ስህተቶች አብዛኞቹ፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

መድኃኒት ማስጣል

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። «መድኃኒትህን ጣል» ብሎ በግልጽ የሚናገር አገልጋይ ብዙ ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን «ተፈውሰሃል፣ በእምነት ተቀበል፣ አትጠራጠር» የተባለ ሰው ማታ ክኒኑን ሲያነሣ መጠራጠሩ ስለሚመስለው መልሶ ያስቀምጠዋል። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ ሳሉና ትኩሳቱ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚቀንሱ ታማሚው ሕክምናው ሳያልቅ የዳነ ይመስለዋል፣ በዚያ መካከል ቢያቋርጥ ደግሞ በሽታው ሊያገረሽ፣ መድኃኒቱን ሊላመድና ወደ ቤተሰቡ ሊዛመት ይችላል። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይበዛል፤ ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል የስኳር ታማሚም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ጌታ ኢየሱስ ለአሥሩ ለምጻሞች ሄደው ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ሲነግራቸው (ሉቃስ 17፥14)፣ በኦሪት ሕግ ከለምጽ መንጻትን አይቶ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበርና፣ የላካቸው ወደ መርማሪያቸው ነው። እኛም «መድኃኒትህን ሳታቋርጥ በቀጠሮህ ቀን ሂድና ተመርመር» ብንል ከእምነት አንጎድልም።

ያልተፈወሰውን መውቀስ

ጸሎቱ ካለቀ በኋላ በሽታው ሲቀር፣ «እምነትህ አነሰ» ወይም «የተሰወረ ኃጢአት ይኖራል» ማለት ለጸላዩ ይቀለዋል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ጥሮፊሞስን ታምሞ በሚሊጢን ትቶት ሄዷል (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20)፤ ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱና ስለ ተደጋጋሚ ሕመሙ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል እንጂ አልወቀሰውም። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ በዮሐንስ ወንጌል 9ኛ ምዕራፍ ተጽፏል፤ ያንን ምዕራፍ ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት አብሮ ቢያነበው ይበጃል።

በዚህ ረገድ ከማንም በላይ የሚጎዱት የሚጥል በሽታ ያለባቸው ናቸው። በጉባኤ መካከል አንድ ሰው ወድቆ ሲንፈራገጥ አራት ጎረምሶች ይዘውት ይጮኹበታል፤ ክብሪት ለኩሶ የሚያሸትተውም አይጠፋም። መንፈሳዊ ውጊያ የለም ማለቴ አይደለም። ይሁን እንጂ የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነውና፣ የወደቀውን ሰው አጥብቆ አለመያዝ፣ በአፉ ምንም አለማስገባት፣ በአጠገቡ ያለውን ስለታም ነገር ማራቅ፣ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ጸሎቱ ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ በለሆሳስም ይጸለያል።

በአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ላይ ማለፍ

ያዕቆብ 5፥14 የታመመው ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን እንዲጠራ ይናገራል እንጂ እንግዳ ቡድን እንዲጠብቅ አይናገርም። በደቡብ የወንጌልን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የውጭ ሚስዮናውያን ከወላይታ ሲባረሩ ጥቂት የነበሩት አማኞች፣ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ በብዙ ሺህ ተቆጥረው ተገኝተዋል። ያንን ሥራ የሠሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ማን ታመመ፣ ማን ቀድሞ ተጸለየለት፣ የትኛው ቤት ሐዘን አለበት የሚለውን ሽማግሌዎቹን ሳይጠይቁ ቤት ለቤት መውጣት አይገባም።

የቋንቋው ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በከተማው አማርኛ ብዙ ያግባባል፤ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲወጡ ግን በሲዳምኛ የሚጸልይ ሰው ያስፈልጋል። አስተርጓሚው የታማሚዋ ጎረቤት ሊሆን እንደሚችል ግን ብዙዎች አያስቡም። «ሕመምሽ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በእርሱ በኩል ሲያልፍ ምስጢሯ ለመንደሩ ሊደርስ ይችላል፤ በድምፅ ማጉያ ከተጠየቀማ ማስተርጎምም አያሻውም። ሕመሙን ሳይጠይቁ መጸለይ ይቻላል፤ የምንለምነው አምላክ ዝርዝሩን አያጣውም።

እጅ መጫንና ስልክ ማንሣት

ሁለቱም ፈቃድ ይጠይቃሉ። ለሴቶች ሴቶች ቢጸልዩ፣ ግንባር መግፋት ጨርሶ ቢቀር መልካም ነው። ምስክርነት ደግሞ በሐኪም ሳይረጋገጥ በቴሌግራም መለቀቅ የለበትም፤ «ስንት ሰው ተፈወሰ?» የሚል የሪፖርት ሠንጠረዥ ካለ ዓምዱን መሰረዝ ይሻላል።

የመጨረሻውን ቀን ለሽርሽር ብቻ መተው

አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ መብላት የሚያስነውር ነገር የለበትም፤ ከድካም በኋላ ይገባል። ነገር ግን ከዚያ በፊት ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ፣ ታማሚዎቹ የፈቀዱትን ያህል፣ ማንን ማን እንደሚጎበኝና የማን ቀጠሮ መቼ እንደሆነ መነጋገር ያስፈልጋል። ከቡድኑም አንድ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውሎ «እናታችን ለቀጠሯቸው ሄዱ ወይ? የሚሸኛቸውስ ተገኘ?» ብሎ እንዲጠይቅ ኃላፊነቱን ከሐዋሳ ሳይወጣ መውሰድ አለበት።