ሴፕቲክ ታንካችሁን ክረምት ሳይገባ በእንጨት ለኩት

ብዙ ሰው ሴፕቲክ ታንክ ማለት የሽንት ቤት ጉድጓድ ይመስለዋል፣ ሲሞላ መምጠጫ መኪና ይጠራል በቃ። እኔም እንደዛ ነበርኩ፣ ሐምሌ ላይ የሻወር ቤቱ ማፍሰሻ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ጥቁር ውሃ መመለስ እስኪጀምር ድረስ።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ታንኩ ሁለት ክፍል አለው፣ ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ መጀመሪያው ክፍል ሲገባ ከባዱ ከታች ይዘቅጣል፣ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሀል ያለው ውሃ ብቻ ወደ ሁለተኛው ክፍል ከዛም ወደ መስረጊያው ጉድጓድ ያልፋል። ባክቴሪያዎች ዝቃጩን ይበሉታል ግን አይጨርሱትም፣ የተረፈው በየአመቱ ይቆለላል፣ ቦታው ሲጠብ ዝቃጩ ራሱ ወደ መስረጊያው ሄዶ አፈሩን ይደፍነዋል። ያኔ ብታስመጥጡም ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይሞላል ምክንያቱም የተበላሸው መስረጊያው ነው፣ ያለው አማራጭ ሌላ ማስቆፈር ነው። መረሬ አፈር ያለበት ሰፈር ደግሞ ድሮም ውሃ ስለማይመጥ የባሰ ነው።

ስለዚህ ግንቦት ላይ ረጅም እንጨት ፈልጉ፣ ከጫፉ ጀምሮ አንድ ሜትር ያህል ነጭ ጨርቅ ጠቅልሉበት፣ የመጀመሪያውን ክፍል ክዳን ከፍታችሁ ወለሉን እስኪነካ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡት፣ ትንሽ ቆይታችሁ አውጡት። ጨርቁ ላይ ጥቁር ሆኖ የተጣበቀው ዝቃጩ ነው። ከጥልቀቱ ሲሶውን ከያዘ፣ ማለትም 1.5 ሜትር ከሆነ 50 ሳንቲ ከደረሰ፣ አስመጥጡ። በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 አመት ይቆያል፣ ግቢው ተከራይ ከበዛበት ግን ቶሎ ይደርሳል። ሲመጠጥ ላይ ላዩን ውሃ ብቻ ወስደው እንዳይሄዱ ቆማችሁ እዩ፣ ዝቃጩ በውሃ ተበጥብጦ ይውጣ።

እባካችሁ ማንም ሰው ውስጥ እንዳይገባ፣ ባዶ ቢመስልም፣ ዕቃ ቢወድቅም። ጋዙ በዛ ሲል አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው ጠፋ ስትሉ ነው የሚጥለው፣ ሊያወጣው የገባውም እዛው ይቀራል። ክብሪትና ሲጋራ አታስጠጉ፣ ልጆች ግቢ ውስጥ ካሉ ክዳኑ ለደቂቃም ክፍት አይተው።

ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ የወጥ ዘይት፣ የቡና አተላ አትድፉበት። በረኪናም በጀሪካን አይፈስበትም፣ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። የአሸንዳ ውሃ ወደዛ ከተቀጠለ ዛሬውኑ አስለዩት፣ የኛን ቤት ያስመለሰው እሱ ነበር። ያስመጠጣችሁበትን ቀን ደግሞ ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ በማርከር ጻፉት።