በመንጋጋ መገጣጠሚያ ኤምአርአይ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አፍ ሲከፈት ጆሮ አጠገብ «ቋ» ይላል። ሲያኝኩ ያማል። አንዳንዴ ደግሞ አፍ ጭራሽ አልከፈት ይላል። በዚህ ጊዜ በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳው ኤምአርአይ ትልቅ እገዛ አለው፤ ግን በአግባቡ ሲታዘዝ፣ በአግባቡ ሲነሳና በአግባቡ ሲነበብ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሳይመረመሩ ወደ ማሽኑ መሮጥ ነው። አብዛኛው የመንጋጋ ሕመም የሚመጣው ከማኘኪያ ጡንቻዎች ነው፤ ይህን ደግሞ ኤምአርአይ አያሳይም። የሚያገኘው ጡንቻውን በጣቱ ተጭኖ «እዚህ ጋ ያምዎታል?» የሚል ሐኪም ነው። አፍዎ ምን ያህል እንደሚከፈትም በማስመሪያ ይለካል። በጤናማ አዋቂ ላይ በላይና በታች የፊት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ኤምአርአይ ተገቢ የሚሆነው አፍ ሲቆለፍ፣ ሕክምናው አልሠራ ሲል፣ የመገጣጠሚያ ብግነት ሲጠረጠር ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው።

«ራጅ ተነስቻለሁ፣ ምንም የለም ተባልኩ» ብሎ መተውም ስህተት ነው። ራጅ ዲስኩን፣ ማለትም በመገጣጠሚያው አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ፣ አያሳይም። ሲቲ ስካን ለአጥንት ጎበዝ ነው፤ ስብራትና የአጥንት መበላት ቁልጭ ብሎ ይታይበታል። ዲስኩን፣ በመገጣጠሚያው የተጠራቀመ ፈሳሽንና የመቅኔ ለውጥን ለማየት ግን ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከፋው አፍ ተዘግቶ ብቻ መነሳት ነው። ዲስኩ ዳርና ዳሩ ወፈር፣ መሃሉ ሳሳ ያለ ትንሽ ትራስ ነው። ጤነኛ ሲሆን አፍ ተዘግቶም ተከፍቶም በመንጋጋው አጥንት ራስና በራስ ቅሉ መካከል ይቀመጣል። ሲንሸራተት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ይሄዳል። አፍ ሲከፈት የአጥንቱ ራስ ወደ ፊት ተንሸራቶ ከዲስኩ ሥር ግጥም ሊል ይችላል፤ ያ «ቋ» የሚለው ድምፅ ያኔ ይሰማል። አንዳንዱ ዲስክ ግን አይመለስም። ከፊት ተጨማዶ መንገድ ይዘጋል፣ አፍም በግማሽ ይቀራል። እነዚህ ሁለት ችግሮች አፍ ተዘግቶ ሲታዩ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ። የሚለያቸው አፍ ተከፍቶ የተነሳው ምስል ነው። ስለዚህ አፍዎን እንዲከፍቱ ካልተጠየቁ፣ ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ከፍቶ መቆየት የሚያምዎት ከሆነም አስቀድመው ይናገሩ፤ መንጋጋዎ ከተንቀጠቀጠ ምስሉ ይደበዝዛል።

ለራስ ምታት የተነሱት የጭንቅላት ኤምአርአይ ይህን አይተካም። ለመንጋጋ የሚነሳው ምስል በስስ ቁራጮች የተከፋፈለ ነው፤ የእያንዳንዱ ቁራጭ ውፍረት ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የአጥንቱን ራስ አቅጣጫ ተከትሎ ከጎንም ከፊትም ይነሳል፤ ዲስኩ ወደ ጎን የሚያመልጥበት ጊዜም አለና። አንዱ ወገን ብቻ ቢያምዎትም ሁለቱም መታየት አለባቸው።

ሌላው ስህተት ሰውየውን ትቶ ምስሉን ማከም ነው። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ተነስተው በታዩባቸው ጥናቶች ላይ ሲሶ ያህሉ ዲስካቸው ተንሸራትቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ውጤቱ ላይ «ዲስክ ተንሸራቷል» የሚል ስላነበቡ ብቻ አይደንግጡ። የማያምና አፍ የማያስይዝ «ቋ» ብዙ ጊዜ ሕክምና አያስፈልገውም። የሚያመውም ቢሆን አብዛኛው ለስላሳ ምግብ በመብላት፣ በሙቅ ፎጣ፣ በመንጋጋ እንቅስቃሴና በጥርስ መከላከያ ይሻለዋል። በወረቀቱ ምክንያት ብቻ ቀዶ ሕክምና ውስጥ መግባት በጣም ያሳስበኛል።

በሰውነትዎ ውስጥ ስላለ ብረት ዝም አይበሉ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ወይም በአንጎል የደም ሥር ላይ የተደረገ ማያያዣ ካለዎት ሳይናገሩ ወደ ክፍሉ አይግቡ። የጥርስ ብሬስ (ጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ብዙውን ጊዜ አደገኛ ባይሆንም ምስሉን ሊያበላሽ ይችላል።

ለሐኪሞች ደግሞ፦ ማዘዣው ላይ «የመንጋጋ ሕመም» ብላችሁ አትለፉ። የትኛው ወገን እንደሆነ፣ አፉ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚከፈት፣ ድምፁ መቼ እንደጠፋና መቆለፉ መቼ እንደጀመረ ጻፉ። ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ታማሚውን አላየውም።