ወንበር ከመግዛታችሁ በፊት ተቀመጡበት

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምትውሉ ከሆነ፣ ወንበር በመልኩ አትግዙ። ሱቅ ስትገቡ ቀድሞ ዓይን የሚስበው ያ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ጥቁር የማናጀር ወንበር ነው። ያምራል። ግን ለ8 ሰዓት ሥራ ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ርካሽ ስፖንጅ ቶሎ ይሰምጣል፣ ሌዘሩም በሙቀት ጀርባን ላብ በላብ ያደርጋል። መረብ መደገፊያ ያለው ይሻላል።

ሻጩን ሳታፍሩ «ትንሽ ልቀመጥበት» በሉት። ጀርባችሁን እስከ መደገፊያው አስጠግታችሁ ተቀመጡ። እግራችሁ ሙሉ በሙሉ መሬት ይንካ። ከዚያ በመቀመጫው ጫፍና በጉልበታችሁ ጀርባ መካከል ጣታችሁን አስገቡ። ሁለት ሦስት ጣት ካልገባ መቀመጫው ለእናንተ ረጅም ነው፤ ወይ እግር ይደነዝዛል፣ ወይ ወደፊት ተንሸራታችሁ ወገባችሁ ያለ ድጋፍ ይቀራል። በተለይ ቁመታችሁ አጠር ያለ ከሆነ ይቺን እንዳትረሱ።

ያገለገለ ወንበር ከሆነ ደግሞ ከፍ አድርጋችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩበት። ቀስ እያለ ከወረደ ፒስተኑ (ወንበሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ከሥሩ ያለው ዘንግ) ደክሟል ማለት ነው፣ ተዉት።

ከቤት ስትወጡ የጠረጴዛችሁን ከፍታ በሜትር ለክታችሁ ያዙ። የክንድ ማሳረፊያው ጠረጴዛው ሥር ካልገባ፣ ርቃችሁ ጎንበስ ብላችሁ ልትሠሩ ነው።

ብር ካጠረ የጭንቅላት መደገፊያው ይቅር። ያንን ገንዘብ ከፍ ዝቅ የሚል የወገብ ድጋፍ ላይ አውሉት።