ለልጆች የሳይንስን ዘዴ በሚወድቁ ዕቃዎች እንዴት ማስተማር ይቻላል?

ሁለት ተመሳሳይ ባለ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙሶች፣ የብረት ትሪ፣ ሁለት ወረቀት፣ ደብተርና እርሳስ ይበቃሉ። አንዱን ጠርሙስ እስከ አፉ፣ ሌላውን እስከ ሩቡ ውሃ ይሙሉና ክዳናቸውን ያጥብቁ።

ከዚያ ልጁን ይጠይቁት፦ «እኩል ብንለቃቸው የትኛው ቀድሞ ይወድቃል?» አብዛኛው ልጅ «ከባዱ!» ይላል፤ ብዙ አዋቂም እንዲሁ። አይሳቁበት፣ መልሱንም አይንገሩት። ግምቱን ከነምክንያቱ ይጻፍ። መላ ምት የሚባለው ይኸው ነው። ይህ ደረጃ ፈጽሞ መዘለል የለበትም፤ ያልተጻፈ ግምት ውጤቱ ሲታይ «እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት» ወደ ማለት ይዞራል።

ትሪውን ወለሉ ላይ ይድፉት። ጠርሙሶቹን በ1.5 ሜትር ከፍታ፣ ታችኛው ጫፋቸውን አስተካክለው ይያዙና እኩል ይልቀቋቸው። ልጁ ራቅ ብሎ በደረቱ ተኝቶ ያዳምጥ። ሰዓት መያዝ ትርፉ ድካም ነው፤ አወዳደቁ 0.55 ሰከንድ ገደማ ብቻ ሲፈጅ፣ ቁልፍ ለመጫን እጃችን የሚዘገየው እንኳ 0.2 ሰከንድ ያህል ነው። ጆሮ ይሻላል፦ አንድ «ቷ» ከተሰማ እኩል ደርሰዋል፤ «ቷ፣ ቷ» ከሆነ ተቀዳድመዋል።

አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋግሙ፣ በየመሃሉም ጠርሙሶቹን እጅ ያቀያይሩ። ከባዱ ሁልጊዜ በቀኝ እጅ ከተያዘ ልዩነቱ ከክብደቱ ይምጣ ከእጁ አይለይም። ልጁ ይህንን ራሱ ካነሳው ትምህርቱ ገብቶታል። ያልተሳካውም ሙከራ ይመዝገብ፤ የማይመች ውጤት አይፋቅም።

ጠርሙሶቹ አብረው መውደቃቸው ሲረጋገጥ ወረቀቶቹን ያምጡ። አንዱን ጨምድደው ኳስ ያድርጉት፣ ሌላውን እንደተዘረጋ ይተዉት። እንደገና ግምት፣ እንደገና መልቀቅ። ክብደታቸው እኩል ሆኖ ሳለ የተጨመደደው ይቀድማል። «ምን ቀየርን?» ብለው ይጠይቁ። ቅርጹን ብቻ ነው የቀየርነው። አየር የሚለውን ቃል ልጁ እስኪያወጣው ይታገሱ፤ ዝምታው ቢረዝምም አያቋርጡት።

ታሪኩን አሁን ማጫወት ይቻላል። ከባድ ዕቃ ይፈጥናል የሚለው የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ የአሪስቶትል ትምህርት ለሁለት ሺህ ዓመታት ገደማ ገዝቷል። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ጋሊሊዮ በአገሩ በፒዛ ከተማ ካለው ግንብ ላይ ኳሶች ጥሎ ሻረው የሚባለውን ብዙ የታሪክ ምሁራን ይጠራጠሩታል። በእርግጥ ያደረገው ግን ለልጆች ይበልጥ ይጠቅማል፦ ውድቀቱ ፈጥኖ ለመለካት ሲያስቸግረው ኳሶችን በተዳፋት ጣውላ ላይ እያንከባለለ አዘገየው። ከፍ ያሉ ልጆች በብይና በጣውላ ሊሞክሩት ይችላሉ።

ልጁ «ላባና መዶሻስ?» ካለ አየር የሌለበት ቦታ ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ሁለቱን ጨረቃ ላይ በአንድ ጊዜ ለቋቸዋል። ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፤ ከመክፈትዎ በፊት ግን ልጁ ግምቱን ይጻፍ።